አስራ ሁለት ብሎ የመለሰው

ሰኞ፣ ግንቦት 4

የክረምቱ የስልጠና ምርጫ ዛሬ ወጣ። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ለጥፋ ሳትጨርስ ሠላሳ አምስት እጩ መኮንን ጀርባዋ ላይ ተከመረ። «ኧረ ቀስ በሉ፣ ወረቀት እንጂ ዳቦ አልለጠፍኩም!» ብላ ጮኸች። ማን ሰምቷት።

ምርጫው ሦስት ነው። አየር ወለድ፤ ይሄ ለጉልበተኞችና ፎቶ ለሚወዱ። መገናኛ፤ እዚሁ ግቢ ውስጥ ጣሪያ ስር ተቀምጦ ሬዲዮ መፍታትና መግጠም። ላይ ካምፕ፤ ተራራው ላይ አራት ሳምንት፣ አስራ ሁለት ሰው ብቻ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚመዘገብ። ጥንዶቹ አብረው ይፈርማሉ። አንዱ ታሞ ከወረደ ሌላውም ጤነኛ ሆኖ አብሮ ይወርዳል። የመጨረሻውን ጉዞ በስድስት ሰዓት ውስጥ የጨረሰ ቡድን ግን ሲመረቅ ምደባውን ራሱ ይመርጣል፣ ለውጭ ኮርስም ቀድሞ ይታጫል።

ከእኔ በላይ ላይ ካምፕን የሚፈልግ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ ካለ ይምጣና ይታገለኝ። ችግሩ ጥንድ ማግኘቱ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

አጎቴ ደወለ። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎ በሻለቃነት ጡረታ ወጣ። ምርጫው መውጣቱን ከእኔ ቀድሞ ሰምቷል።

«ስማኝ፣» አለ፣ «እኔ በአንተ ዕድሜ ስንቅና ትጥቅ መረጥኩ። ምግቡ ጥሩ ነው ብለውኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ብርድ ልብስ ስቆጥር ኖርኩ። አልጋ ጎረቤቴ የነበረው፣ ደብዳቤ እንኳ በቅጡ የማይጽፈው ልጅ፣ ላይ ካምፕ ወጣ። ዛሬ ጄኔራል ነው። መንገድ ላይ ሰላም ስለው ስሜ ይጠፋበታል።»

«ሥልጠናው ከባድ ነው ይላሉ» አልኩት።

«ሞኝ አትሁን። ስልጠና ለመማር አይመረጥም። ለመታየት ነው የሚመረጠው።»

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ምሳ ሰልፍ ላይ ከፊቴ አንድ የአራተኛ ዓመት ልጅ ቆሞ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ላይ ካምፕ የነበረ። ትሪው ላይ ማንኪያ ስላላየሁ «ወንድሜ፣ ማንኪያ ረሳህ» አልኩት። አንገቱን አላዞረም። ትሪውን አስቀመጠ፣ እግሩን እያነሳ በሙሉ ሰውነቱ ዞረ፣ አየኝ፤ ከዚያ ከእኔ ኋላ ያሉትን አንድ በአንድ አየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። እየቆጠረን ነበር።

«አንገቱን ምን ነክቶት ነው?» አልኩት ራዲዮን ስንቀመጥ።

«ላይ ካምፕ የነበሩት ሁሉ እንደዛ ናቸው። አላስተዋልክም? ወደ ኋላ አይዞሩም።»

ራዲዮ የአልጋ ጎረቤቴ ነው። ስሙን ያወጣንለት ጠዋት ከዓይኑ በፊት አፉ ስለሚከፈት ነው። የአየሩን ሁኔታ፣ የኳሱን ውጤት፣ ሻምበሉ ጫማውን መጥረጉንና አለመጥረጉን ሳይቀር ያስተላልፋል። ከእሱ ጋር መኖር ያደክማል፤ እረፍት ወጥቶ ሲቀር ደግሞ ክፍሉ ሰው የለቀቀው ቤት ይመስላል።

ቅጹ ላይ መገናኛ ብሎ ጽፏል። በእርሳስ አይደለም፣ በቀለም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሦስት ሰው ጠየቅኩ። አንዱ ጉልበቴን ያመኛል አለ። ሁለተኛው ጥንድ ይዟል። ሦስተኛው ፊት ለፊት ነገረኝ፦ «አትቀየመኝ፣ አንተ መሮጥ ከጀመርክ ሌላ ሰው መኖሩን ትረሳለህ።» ቅናት ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ራዲዮ እሺ አለ።

መጀመሪያ ሳቀብኝ። «ተራራ ላይ ማንን ላወራ ነው? ድንጋዩን?» አለ። ስለ ምደባ ነገርኩት፤ አልሰማም። ስለ ውጭ ኮርስ ነገርኩት፤ «እኔ ቤቴ ይሻለኛል» አለ። በመጨረሻ እንዲህ አልኩት፦ «እናትህ ይሄን ሁሉ ዓመት ስፌት ማሽን ላይ ጎንበስ ብላ ያስተማረችህ ሽቦ ስትጠቀልል እንድትኖር ነው?»

ዝም አለ። ራዲዮ ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ቅጹን አውጥቶ መገናኛ የሚለውን ሰረዘው።

እናቱን ማንሳት አልነበረብኝም። ግን ሠራ። ለእሱም ቢሆን የሚጠቅመው ይሄ ነው። ቆይቶ ያመሰግነኛል።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

አስገባን። ጸሐፊዋ ስርዙን በጣቷ እየዳሰሰች «ይሄ ልጅ መገናኛ ብሎ ነበር እኮ። ማነው ያሰረዘው?» አለች። «ራሱ ነው» አልኩ። እሱም «ራሴ ነኝ» አለ። ቀና ብላ እኔን አየችኝ እንጂ እሱን አላየችውም።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ላይ ካምፕ ደረስን። ሁለት የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የውሃ ታንከር፣ እሑድ እሑድ ብቻ የሚሠራ ስልክ ያለበት አንድ መጋዘን። ከዚያ በኋላ ያለው ጭጋግ ነው። ግድግዳ ነው ብሎ መናገር ይቀላል፤ እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን አጣኋቸው።

የሚመራን ሻምበል ስምንት ዓመት ሻምበል የሆነ ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ያወጣልን ደንብ አጭር ነው፦ «ሸንተረሩ ጠባብ ነው። ግራውም ቀኙም ገደል ነው። ጭጋግ ውስጥ ወደ ኋላ የዞረ ሰው ሚዛኑን ይስታል። ስለዚህ ዓይናችሁ ከፊታችሁ ባለው ሰው ቦርሳ ላይ ባለችው ነጭ ጨርቅ ላይ ይሁን። ከኋላችሁ ያለውን ጆሯችሁ ይጠብቀዋል። በየማረፊያው ትቆጥራላችሁ። ቁጥሩ ከሞላ እንሄዳለን።»

ቁጥሬ አስራ አንድ ነው። ራዲዮ አስራ ሁለት፣ መጨረሻ።

እሑድ፣ ሰኔ 1

ደክሞኛል። እግሬ አብጧል። ራዲዮ ቀኑን ሙሉ እየዘፈነ ይሄዳል፤ ሻምበሉ እንኳ አንዴ ከንፈሩ ተነቃነቀ። ጭጋግ ውስጥ ድምፁ ከኋላ መምጣቱን ትቶ ከጎን ይመጣል፤ አንዳንዴ ከፊት። ሁላችንም ለምደነዋል። ካልዘፈነ የምንፈራ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

የራዲዮ ድምፅ ጠፋ። ትናንት ሻክሮ ነበር፤ ዛሬ ጭራሽ የለም። አፉን ይከፍታል፣ አየር ብቻ ይወጣል። ልጆቹ ሲጫወትባቸው መስሏቸው «ባትሪው አለቀ!» እያሉ ሳቁ።

እኔን ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሻምበሉ ካወቀ ለሐኪም ያሳየዋል፣ ሐኪሙ ያወርደዋል። እሱ ከወረደ እኔም ወረድኩ።

ስለዚህ ተስማማን። በቆጠራ ጊዜ ቦርሳዬን ከኋላ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርገኛል፤ «አለሁ» ማለት ነው። እኔ አስራ አንድ እላለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ በእሱ ድምፅ አስራ ሁለት እላለሁ። ማስመሰል ድሮም እችልበታለሁ፤ በእሱ ድምፅ ስንቴ ክፍሉን አስቄያለሁ።

ዛሬ አራት ጊዜ ሠራን። ማንም አልነቃም።

እሑድ፣ ሰኔ 8

የስልክ ቀን። ራዲዮ እናቱ ጋ ደወለ። በምን ድምፁ እንደሚያወራት እንጃ። ተራዬን አስረክቤው ልብሴን ላሰጣ ወጣሁ። ስመለስ እየሳቀ ነበር፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ ያስፈራል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው፣ ነገ ሳላምነው እንዳልቀር።

ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ቆጠርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አስራ አንድ አልኩ። መታ መታ። አስራ ሁለት አልኩ። ከዚያ ከኋላ፣ በጣም ቅርብ ሆኖ፣ አንድ ድምፅ «አስራ ሦስት» አለ።

ማንም አልሳቀም። ሻምበሉ «ማነው?» አለ። ዝም። «ድጋሚ» አለ። ቆጠርን። አስራ ሁለት ላይ ቆመ። «ጭጋግ ነው፣ ድምፅ ይመልሳል» ብሎ አስነሳን።

ካምፕ ስንደርስ ልጆቹ ራዲዮ ላይ ጮኹበት፤ የእሱ ቀልድ መስሏቸው። ራዲዮ ማስታወሻውን አውጥቶ ለእኔ ብቻ ጻፈልኝ፦ «እኔ አይደለሁም። በምን ድምፄ?» ቀጥሎም፦ «አንተ ነህ?»

እኔ አይደለሁም። እዚህ ደብተር ላይ ለምን እዋሻለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ራዲዮ ትኩሳት አለው። እራቱን አልበላም። ማስታወሻው ላይ «ለሻምበሉ ልንገረው» ብሎ ጻፈና አሳየኝ። «አራት ቀን ነው የቀረን፣ አራት ቀን!» አልኩት። ቆይቶ «እሺ» ብሎ ጻፈ። ከስሩ ደግሞ «ቶሎ ቶሎ አትሂድብኝ» ብሎ ጨመረበት። ጀርባውን መታ አድርጌ አይዞህ አልኩት።

ብርድ ልብሴን ደረብኩለት። ይሄንንም መጻፍ አለብኝ፤ ደርቤለታለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ደረስን። አምስት ሰዓት ከአርባ ስምንት ደቂቃ። በሰዓቱ።

አስራ አንድ ነን።

አሁን ሊወጡ ነው፣ ፋኖስ እየሰበሰቡ። እኔም ልሄድ ነው። ስድስተኛው ላይ ቁጥሩ ሙሉ ነበር። ሁሉም ሰምቷል።

እሑድ፣ ሰኔ 22

ሌሊቱን ፈልገን ንጋት ላይ ገባን። ምንም። አሁን ሁሉም ተኝቷል፤ እኔ ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ በኋላ እንዳይምታታብኝ።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ ተነሳን። ጭጋጉ እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ የባሰ ነበር፤ ከፊቴ ያለችውን ነጭ ጨርቅ እንኳ እየጠፋች ነበር የማያት። ሻምበሉ ከወትሮው ይፈጥን ነበር። አንደኛው ማረፊያ፣ መታ መታ፣ አስራ ሁለት። ሁለተኛው፣ መታ መታ፣ አስራ ሁለት። ሦስተኛው ላይ መታ ካደረገኝ በኋላ እጁን ቦርሳዬ ላይ ትንሽ አቆየው። ክብደቱ ተሰምቶኛል። «አይዞህ፣ ግማሹን ጨረስን» አልኩት ሳልዞር።

አራተኛው ላይ ነፋስ ነበር። ቦርሳዬ ይወዛወዝ ነበር፤ የኮዳዬ ማንጠልጠያ ይመታኛል። መታ መታ አደረገኝ። አድርጎኛል። ባያደርገኝ ኖሮ አስራ ሁለት አልልም ነበር።

ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ስንሄድ ከኋላ፣ ከሩቅና ከታች፣ ብረት በድንጋይ የተመታ የሚመስል ነገር ሰማሁ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ሁለት ጊዜ። ከፊቴ ያለው ልጅም ሰምቶ «ምንድነው?» አለ። «የታንከሩ ክዳን ነው» አልኩት። ታንከሩ ገና የሁለት ሰዓት መንገድ ይቀረው ነበር።

አምስተኛው፣ አስራ ሁለት። ስድስተኛው፣ አስራ ሁለት።

ካምፕ ገብተን ቦርሳዬን ሳወርድ «በል፣ ጨረስንላቸው!» ብዬ ዞርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞርኩ ማለት ነው። ጭጋጉ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ከጠቅላይ መምሪያ አንድ ሻለቃ መጣ። መነጽሩን አውልቆ የሚጠይቅ፣ ረጋ ያለ ሰው። መጋዘኑ ውስጥ ጠረጴዛ አስገብቶ አንድ በአንድ ጠራን።

«ቁጥር አስራ ሁለት ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው የት ነው?»

«ስድስተኛው ማረፊያ ላይ፣ ጌታዬ።»

«ራስህ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ።»

አልዋሸሁም። ተሰምቷል። ሁሉም ያለው ይሄንኑ ነው፤ ሻምበሉም ያለው ይሄንኑ ነው። ሻለቃው ካርታው ላይ ከስድስተኛው እስከ ካምፑ በቀይ አከበበ። ስድሳ ሰው እዚያ ይፈልጋል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ከፈላጊዎቹ ጋር ነኝ። ቁጥቋጦውን ሁሉ በዱላ ፈተሽን። እኔ ከሁሉም በላይ እሠራለሁ፤ ሻለቃው ራሱ «ይሄ ልጅ ይረፍ» አለ።

ከሰዓት ሻምበሉ ጋ ሄጄ «ጌታዬ፣ ወደ አራተኛው ተመልሰን ብናይስ?» አልኩት።

«ለምን? ስድስተኛው ላይ ተሰምቷል አይደለም እንዴ?» አለኝ። ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም።

«አዎ፣ ጌታዬ» አልኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

ተገኘ። እንጨት ቆራጮች ናቸው ያገኙት። ከሦስተኛውና ከአራተኛው ማረፊያ መካከል፣ ከሸንተረሩ ሥር።

ሐኪሙ እግሩ ተሰብሯል አለ። የሞተው ግን በዚያ ቀን አይደለም አለ። ሦስት ቀን፣ ምናልባትም አራት። ኮዳው ጎኑ ሙሉ ተጨርምቷል፤ እጁ ውስጥ ድንጋይ ነበር።

አንዱ ልጅ «ምናለ ቢጮህ!» አለ። ሌላው «እኮ፣ ራዲዮ አይደል!» አለ።

ወጥቼ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ግቢ ተመልሰናል። የሻለቃው ሪፖርት ተነበበልን። ቆጠራው በስድስቱም ማረፊያዎች ሙሉ ስለነበረ የቡድኑ ጥፋት የለም፤ ሟቹ ከስድስተኛው በኋላ ባልታወቀ ምክንያት ብቻውን ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ውጤታችን ይጸናል።

ወደ ኋላ ተመልሶ። በትኩሳት፣ የሁለት ሰዓት መንገድ። ይሄንን ሁሉም ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሰማው።

አጎቴ ደወለ። «የሆነው ያሳዝናል፣ ነፍስ ይማር። ውጤቱ ግን ጸንቷል አሉኝ፣ አይደል? እንግዲህ የውጭ ኮርሱን በደንብ ምረጥ።»

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

የጠዋት ቆጠራ ላይ ከኋላዬ ይቆም የነበረው ልጅ ቦታ ቀየረ። አዲስ የመጣውም ቀየረ። አስር አለቃው «ምን ሆናችኋል?» ሲላቸው አንዱ በሹክሹክታ «እሱ ከፊቴ ከሆነ አልቆጥርም» ሲል ሰማሁ።

ምሳ ሰልፍ ላይ የሆነ ነገር ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ዞርኩ፤ አንገቴን ሳይሆን እግሬን አንስቼ በሙሉ ሰውነቴ። በቅርብ ማንም አልነበረም። ከእኔ ኋላ ያለው ልጅ ሦስት እርምጃ ርቆ ነበር የቆመው። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ።

ድካም ነው። እንቅልፍ ብተኛ ይሻለኛል።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

አዲሱ ቅጽ ደረሰኝ። የውጭ ኮርስ፣ ስታፍ፣ ልዩ ምድብ። የፈለግኩት ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ይመለስ ይላል። ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ጸሐፊዋ ሦስተኛ ቅጽ ሰጠችኝ፤ ምንም አልተናገረችም።

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። የአልጋውን ፍራሽ ወስደውታል። ሽቦው ብቻ ነው የቀረው፤ ማንም ሳይነካው ይጮሃል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

እናቱ መጣች።

ዕቃውን የማስረክባት እኔ ነኝ ተባለ፤ ጥንዱ ስለነበርኩ። እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀጭን፣ ትከሻዋ ከስፌት የጎበጠ። ሸሚዞቹን ከካርቶኑ አወጣቻቸው፤ አንድ በአንድ ቁልፋቸውን ፈተሸች፤ የላላውን ስታገኝ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ኪሷ ውስጥ መርፌ ፈለገች። እዚያው ሰፋችው። ለማን እንደምትሰፋው እንጃ። ቆሜ አየኋት።

ስትጨርስ ቀና አለች። «አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ።

«ምኑ፣ እናቴ?» አልኳት።

«ስለአንተ ነግሮኛል። በዚያ እሑድ ደውሎልኝ ነበር። ድምፁ አይሰማም፣ ትንፋሹን ብቻ ነው የምሰማው። ‹እማዬ ጉሮሮዬ ተዘግቷል፣ ግን ስለእኔ የሚመልስልኝ ልጅ አለ፤ እሱ ባይኖር ዛሬውኑ ያወርዱኝ ነበር› አለኝ።» እጄን ያዘችኝ። ጣቷ ላይ በመርፌ የጠነከረ ቆዳ አለ። «እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ። ብቻውን አልነበረም።»

«ደግሞ ሻለቃው እስከ ስድስተኛው ድረስ ድምፁ ተሰምቷል አሉኝ። ተመልሶለት ነበር እንዴ? ድምፁ?»

ከእሷ በቀር በዓለም ላይ ይሄንን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ስድሳ ሰው ፈልጎ፣ አንድ ሻለቃ መርምሮ፣ ማንም አልጠየቀም።

«አዎ፣» አልኳት፣ «ተመልሶለት ነበር።»

«ተመስገን» አለች። ካርቶኑን አቅፋ ሄደች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ሻምበሉ ቢሮ ሄድኩ። የሻለቃነት ማዕረጉ ጸድቋል፤ ጠረጴዛው ላይ አዲሱ የትከሻ ምልክት ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል። አልነካውም።

«ጌታዬ፣ አስራ ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። በሩን እንኳ አልዘጋሁም።

ተነስቶ በሩን ራሱ ዘጋው። ተቀመጠ። ጠረጴዛውን አየ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። አስራ ስምንት ዓመት ድምፅ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ አንድ ጉሮሮ ሁለት ቁጥር ሲጠራ አላውቅም? ለልጁም ለአንተም ብዬ ዝም አልኩ። ትወጡታላችሁ ብዬ።»

«ታዲያ ሲፈለግስ? አራተኛው ላይ እንይ ስልዎት?»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ።»

«እኔም እርስዎን ጠብቄ ነበር።»

ኮሪደሩ ላይ ሰው አለፈ፤ ሻምበሉ ዓይኑን በሩ ላይ አድርጎ ኮቴው እስኪርቅ ጠበቀ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እያንዳንዳችን ሌላው እስኪናገር ስንጠብቅ እሱ እዚያ ታች ኮዳውን ይመታ ነበር። ሁለት፣ ዝም፣ ሁለት። እንደተስማማነው። «አለሁ» እያለኝ ነበር።

ሌሎቹ አስሩም ሰምተው ይሆናል። አላውቅም። የሚያሳስበኝ እኔ ነኝ። ስለፈራሁ አይደለም ዝም ያልኩት። ፈልጌ ነው። ኮርሱን ፈልጌ ነው። ጻፍኩት፤ ይኸው።

«ቅጽህን ሞላህ?» አለኝ ሻምበሉ ስወጣ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠቅላይ መምሪያ ሄጄ ሻለቃውን ጠየቅኩ። ሁለት ሰዓት አስጠበቁኝ። ቅጹ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ባዶውን።

ሁሉንም ነገርኩት። ቦርሳውን፣ አስራ አንዱን፣ አስራ ሁለቱን፣ አራተኛውን ማረፊያ፣ ከታች የሰማሁትን ብረት። ሻምበሉ ያለኝንም ነገርኩት። ሲጽፍ አልቸኮለም። አንዴ ብቻ አቋረጠኝ፦ «ባለፈው ስጠይቅህ ይሄንን ብትነግረኝ ልጁ ገና በሕይወት ነበር። ይሄ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል፣ ጌታዬ።»

«ፋይሉ ተዘግቷል። ማንም አልጠረጠረህም። ዛሬ ምን አመጣህ?»

«እናቱ አመሰገነችኝ» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዓይኑን አሸ። ከዚያ ወረቀቱን አዞረልኝ፤ ፈረምኩ። ቀበቶዬንና መታወቂያዬን ተቀበሉኝ። ሰዓቱን አየሁ፤ ስድስት አልፎ ነበር።

«ለእናቱ ማን ይነግራታል?» አልኩት።

«የእኛ ደብዳቤ በአስር ቀን ውስጥ ይደርሳታል» አለ። ከዚያ ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። ቁጥሯን ከፋይሉ አነበበልኝ። ወጥቶ በሩን ዘጋው።

ረጅም ጊዜ ጠራ። ስታነሳው የስፌት ማሽኑ አጠገቧ ይሰማ ነበር።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለች።

ስሜን ነገርኳት። ማሽኑ ቆመ። ከዚያ የቀረውን ነገርኳት።